የሃይሉክሷን ማስነሻ ስዊች መቀየር፦ ከእንጅባራ የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

መኪናዋ የአጎቴ ናት። ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ፣ በፈረንጆቹ የ1990ዎቹ ሥሪት፣ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር። መካኒኮች 3ኤል የሚሉት ሞተር ነው። ከእንጅባራ ድንች ጭና ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ትወርዳለች። ስትመለስ በርበሬ ወይም በቆሎ ይዛ ትመጣለች። ማስታወሻውን የያዝኩት ሥራው ላይ እያለሁ ነው። ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው የለካሁትንና ያወጣሁትን እንዲያይ ብዬ እንዳለ አስቀመጥኩት።

ሐምሌ፣ የመጀመሪያው ሳምንት፦ ምልክቶቹ

ጠዋት አትነሳም። ቁልፉ ስታርት ላይ ሲደርስ አንዳንዴ ምንም ድምፅ የለም። አንዳንዴ ቀጭን “ቂጭ” ትልና ዝም። ቁልፉን ደጋግመው ሲያዞሩት ድንገት ምንም እንዳልነበረባት ትነሳለች። ገበያ ላይ ከቆመች ሰው ተጠርቶ ትገፋለች።

ሌላም ነገር አለ። ኮረኮንች ላይ ስትሄድ የዳሽቦርዱ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ቁልፉን በጣት ትንሽ ወደ ግራ ነካ ካደረጉት ደግሞ ሞተሩ ይጠፋል።

እኔን ያሰጋኝ ይሄኛው ነው። ናፍጣ ሞተር ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም፤ አንዴ ከተነሳ ለማቃጠል ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ግን የናፍጣ ፖምፓው ላይ አንዲት ትንሽ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማግኔት) አለች። ቁልፉ ኦን ላይ እስካለ ድረስ ኤሌክትሪክ ታገኛለች፣ ናፍጣውን ከፍታ ትይዛለች። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ ትዘጋለች፣ ሞተሩም ይቆማል። ሞተሩ ሲቆም መሪው ይከብዳል። ፍሬኑን የሚያግዘው የቫኪዩም ፓምፕ ያለው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነውና እሱም አብሮ ይቆማል። ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ ይደርቃል።

አጎቴ ደግሞ አልፎ አልፎ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው የአባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለት፣ ጠመዝማዛ፣ ከፊትም ከኋላም ከባድ መኪና። “ጋሼ፣ ይቺ ነገር ሳትስተካከል በረሃ አይውረዱ” አልኳቸው። “እሺ ልጄ፣ አንተው እያት እንግዲህ። ጋራዥማ አየናት” አሉኝ።

ጋራዡ ያየው ሞተሪኖውን፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ዕቃ፣ ነበር። አውርደው ካርቦኑን ቀየሩ፣ አጠቡ፣ መልሰው ገጠሙ። 6,500 ብር ተከፈለ። መኪናዋ ለጥቂት ቀን ደህና ሆና ተመልሳ እዚያው። ግምቱ እንኳን ከመሬት የተነሳ አልነበረም። የእነዚህ ቶዮታዎች ሞተሪኖ ውስጥ ያሉት የመዳብ ኮንታክቶች ያልቃሉ፣ የታወቀ ችግር ነው። ግን ያ ሲሆን “ቂጭ” የሚለው ድምፅ ጠንካራና በየጊዜው የሚሰማ ነው። የእኛዋ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅም የላትም። ድምፅ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዙ ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው። በአንድ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) በአምስት ደቂቃ የሚለይ ነገር ነው። ሳይለካ ዕቃ የሚያወርድ ጋራዥ ያናድደኛል። የድሃ ገንዘብ ነው የሚባክነው።

ያው ሳምንት፦ ልኬት

መልቲሜትር 1,600 ብር ገዛሁ፣ ባሕር ዳር። ውድ አይደለም፤ ለዚህ ሥራ በቂ ነው።

በመጀመሪያ ባትሪው። ሌሊቱን አርፎ ጠዋት 12.5 ቮልት። ደህና ነው። ከዚያ የፖምፓዋን ሶሌኖይድ ሽቦ ነቀልኩ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ሞተሪኖው ብቻ እንዲዞር። ቁልፉን የያዘልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ደጋግመን ሞክረን ስትዞር ያገኘሁት ይሄ ነው፦ ባትሪው ላይ 10.6 ቮልት፣ ሞተሪኖው ላይ ያለችው ትንሿ የትእዛዝ ጫፍ ላይ 7.3 ቮልት። 3.3 ቮልት መንገድ ላይ ቀልጧል።

የት እንደቀለጠ ለማወቅ ሜትሩን በየክፍሉ አሳረፍኩት። ከቁልፉ ስዊች መግቢያ እስከ መውጫው፣ ሶኬቱን ጨምሮ፣ 2.4 ቮልት። የቀረው 0.9 ከባትሪ እስከ ዳሽቦርድ ደርሶ ወደ ሞተሪኖ የሚመለሰው ረጅም ሽቦ ላይ ነው። በደህና ስዊች ላይ ከ0.2 ወይም 0.3 በላይ መጥፋት የለበትም። ስለዚህ ስዊቹ ነው። ሞተሪኖው ያለ ጥፋቱ ነው የወረደው።

አንድ ማረጋገጫ ጨመርኩ። ካምቢዮው ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ሽቦ አምጥቼ የሞተሪኖዋን የትእዛዝ ጫፍ ነካሁ። ወዲያው ፈጥና ዞረች። ይሄን የሚሞክር ሰው ካምቢዮውን ሁለቴ ይይ። ማርሽ ውስጥ ካለች መኪናዋ በሰው ላይ ትሄዳለች።

ሐምሌ አጋማሽ፦ ሲከፈት

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ በባለ 10 መፍቻ መንቀል። ስዊቹ ላይ ቁልፉ ቢነቀልም ኤሌክትሪክ ያለው ሽቦ አለ። ያ ሽቦ ብረት ከነካ እሳት ነው።

ከመሪው በታች ያለው የፕላስቲክ ሽፋን በባለ መስቀል ካቻቢቴ ይፈታል። ፕላስቲኩ ስላረጀ ጎኖቹ ላይ ያሉት መያዣዎች በቀላሉ ይሰበራሉ። ለብ ያለ ውኃ ያረጠበው ጨርቅ አሳርፌ ነው የለያየሁት።

ብዙ ሰው የሚያደባልቀው ነገር እዚህ ጋ አለ። ቁልፉ የሚገባበት የብረት ቤትና ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ስዊች ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ስዊቹ ከቁልፉ ቤት ጀርባ የተቀመጠ ክብ ፕላስቲክ ነው፤ በትንሽ ብሎን ይያዛል። ኤሌክትሪኩ ብቻ ከተበላሸ የቁልፉን ቤት መቀየር አያስፈልግም። ቤቱን ከቀየሩት የበርና የማስነሻ ቁልፍ ይለያያል፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ሁለት ቁልፍ ይዞ ይዞራል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ቁልፉ ውስጥ ቺፕ አለ፣ መሪው ላይም ኤርባግ አለ። እነዚያ ላይ እጅ ከማስገባት በፊት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእኛዋ ሁለቱም የላትም።

ሶኬቱን ስነቅለው ሽታው ቀደመኝ። የተቃጠለ ፕላስቲክ። ነጭ የነበረው ሶኬት በአንድ ጥግ ቡናማ ሆኗል፣ አንዱ ቀዳዳ ቀልጦ ጠቧል። የሽቦው ልባስ እስከ ሁለት ጣት ድረስ ደርቆ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የትኛው ሽቦ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ነው።

ግን እሱ ብቻውን አይደለም። ከቁልፉ ሽቦዎች ላይ ሦስት ተጨማሪ ሽቦዎች ተጠምጥመው በናስትሮ ታስረዋል። አንዱ የቴፑ አምፕሊፋየር። አንዱ ከፊት የተገጠሙት ተጨማሪ የጭጋግ መብራቶች። ሦስተኛው የስልክ ቻርጀር። ፊውዝ የለም፣ ሪሌይም (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን ጭነት የሚያገናኝ ማብሪያ) የለም። እንጅባራ ክረምቱን ጭጋግ ነው፣ መብራቱ ያስፈልጋል፤ መብራቱን የገጠመው ሰው ግን ጭነቱን በሙሉ በአንዲት የቁልፍ ስዊች ውስጥ ነው ያሳለፈው። ሁለት ባለ 55 ዋት መብራት ብቻ 9 አምፔር ይጠጋል። ይሄ ከፋብሪካው ስሌት ውስጥ አልነበረም።

ሽቦዎቹን በሙሉ ፎቶ አነሳሁ። በየሽቦው ላይ ነጭ ፕላስተር ጠቅልዬ ቁጥር ጻፍኩበት። የሽቦ ቀለም በየሞዴሉ ስለሚለያይ በቀለም ብቻ መተማመን አያዋጣም።

የድሮውን ስዊች በኋላ ቤት ወስጄ ከፈትኩት። ውስጡ ያለው ግሪስ ተቃጥሎ ጥቁር ቅርፊት ሆኗል። የስታርቷ የመዳብ ኮንታክት ተበልታ ጎድጉዳለች። የኦኑ ኮንታክት ያረፈበት ፕላስቲክ ቀልጦ ስለተዛነፈ ኮንታክቷ ትወዛወዛለች። ኮረኮንች ላይ መብራት የሚያጠፋው ይሄ ነበር።

ሐምሌ፣ ሦስተኛው ሳምንት፦ ዕቃ ፍለጋ

እንጅባራና ዳንግላ አላገኘሁም። ባሕር ዳር ያገኘሁት ሙሉ ከነቁልፉ ቤት ነው፣ 9,000 ብር። የማያስፈልገኝን ነገር ልገዛ አልፈለግኩም። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ ዕቃ የሚነግድ ዘመድ አለን። ፎቶውን በቴሌግራም ላኩለት፣ ከፊትም ከጀርባም፣ የሶኬቱን ጫፎች ጨምሬ። ሁለት ዓይነት አለ አለኝ። የታይዋኑ 2,800 ብር፣ ኦሪጅናል የተባለው 11,500 ብር። የታይዋኑን አዘዝኩ። አጎቴ መጀመሪያ ኦሪጅናሉን ነበር ያሉት። ጭነቱን ከስዊቹ ላይ ካወረድነው ርካሹም እንደሚበቃ አስረዳኋቸው። ካላወረድነው ኦሪጅናሉም ይቃጠላል።

በአውቶቡስ ሹፌር እጅ የመጣው የመጀመሪያው ዕቃ ሶኬቱ አልገጠመም። መልኩ አንድ ነው፣ የጫፎቹ አሰላለፍ ግን የተለየ። ለሌላ ሞዴል የተሠራ ነው። በዚያው አውቶቡስ መለስኩት። አንዳንዱ እዚህ ላይ ሶኬቱን ቆርጦ ሽቦውን አንድ በአንድ ይጠመጥማል። እኔ አልፈልግም። ጥምጥም ሽቦ ይላላል፣ ይሞቃል፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ተቀምጦ ያማርራል።

ትክክለኛው እስኪመጣ ሶኬቱን ሠራሁ። ይሄ ሥራ ከስዊቹ እኩል ነው። ሙቀት የነካው የሶኬት ጫፍ ጥብቅነቱን ያጣል፤ አዲስ ስዊች ላይ ላላ ብሎ ይቀመጥና እንደገና ይሞቃል፣ አዲሱንም ያቃጥለዋል። የተቃጠሉትን ሁለት ጫፎች አወጣሁ። ሽቦውን የሚያብለጨልጭ መዳብ እስካገኝ ድረስ ቆረጥኩት፤ ጥቁር መዳብ ላይ እርሳስ አይዝም። አዲስ ጫፍ በፒንሳ ጨምቄ በካውያ በየድኩ። ያጠረውን ሽቦ በዚያው ውፍረት ባለ ሽቦ ቀጠልኩት። ጫፍ፣ ሽቦ፣ ሙቀት ሲነካው የሚሸበሸበው ላስቲክ፣ ሁሉም 450 ብር።

ሦስቱን ተጨማሪ ሽቦዎች ነቅዬ ጣልኳቸው። አጎቴ ስለ ቴፑ ጠየቁኝ። “ይመለሳል ጋሼ፣ ግን በራሱ መንገድ ነው የሚመለሰው” አልኳቸው።

ሐምሌ መጨረሻ፦ መግጠም

ዕቃው መጣ። መኪናው ላይ ከመግጠሜ በፊት ጠረጴዛ ላይ ፈተንኩት። የስዊቹ ጀርባ ላይ ጽሑፍ አለ፦ ኤኤም1 እና ኤኤም2 ከባትሪ የሚገቡ፣ ኤሲሲ (ለቴፕና ለመሳሰሉት)፣ አይጂ1፣ አይጂ2 (ለኦን)፣ ኤስቲ1፣ ኤስቲ2 (ለስታርት) የሚወጡ። ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ ማንም ከማንም መገናኘት የለበትም። ኤሲሲ ላይ ኤኤም1 ከኤሲሲ ጋር ብቻ ይገናኛል። ኦን ላይ አይጂ1 ይጨመራል፣ ኤኤም2ም ከአይጂ2 ጋር ይገናኛል። ስታርት ላይ ኤሲሲ ይለቅና ሁለቱ ኤስቲዎች ይመጣሉ። ሲነሳ ቴፕ የሚጠፋው ለዚህ ነው። አዲሱ ስዊች ሁሉንም በትክክል አሳየ። በካቻቢቴ ጫፍ እያዞርኩ ወደ ስታርት ስወስደው በስፕሪንግ ወደ ኦን ይመለሳል። የማይመለስ ስዊች ከሆነ መግጠም አይገባም፤ ሞተሪኖው ሳይለቅ ይቀራል።

ሲገጠም አንድ ነገር ብቻ ማየት ነው። ስዊቹ መሃል ላይ ስንጥቅ አለች፣ የቁልፉ ቤት ጫፍ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ መሆን አለባቸው፤ ቁልፉ ተዘግቶ ከሆነ ስዊቹም በተዘጋበት ቦታ። ካልገባ በብሎኑ እየሳቡ ማስገደድ ፕላስቲኩን ይሰብራል።

ሽፋኑ ተከፍቶ ሳለ የቁልፉን ቤትም አጸዳሁ። ቁልፉ ኤሲሲ ላይ ሆኖ፣ ቤቱ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ፒኗን ሲጫኗት ሲሊንደሩ ከነቁልፉ ይወጣል። ውስጡ ዘይትና አቧራ ተጣብቆ ጭቃ ሆኗል። ሰው ቁልፍ ሲከብደው ዘይት ይጨምራል፣ ዘይቱ ደግሞ የበጋውን አቧራ ይሰበስባል። በቤንዚን አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ የመጻፊያ እርሳስ ብናኝ ፍቄ ነፋሁበት። አሁን ቁልፉ በሁለት ጣት ይዞራል።

የአጎቴ የቁልፍ ማያያዣ የሱቅ፣ የቤት፣ የመጋዘን ቁልፍ ሁሉ የተሸከመ ነበር። ያ ሁሉ ክብደት መኪናዋ በተናጠች ቁጥር ስዊቹን ይጎትታል። የመኪናውን ቁልፍ ለብቻው አደረግንላቸው።

ባትሪው ተመለሰ። በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳች። ልኬቱ፦ ባትሪ ላይ 10.6፣ ሞተሪኖው ጫፍ ላይ 9.5። ስዊቹና ሶኬቱ አሁን የሚያባክኑት 0.2 ብቻ ነው። 0.9ኙ ሽቦ ላይ ቀርቷል።

ነሐሴ መጀመሪያ፦ ለምን ይህን ያህል ተቃጠለ?

አጎቴ ሥራው አለቀ ብለው ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር አላረፈልኝም። መብራቱና ቴፑ የኦኑን በኩል ያቃጥላሉ። የስታርቱን በኩልስ እንዲህ የበላው ምንድን ነው? ጠዋት ላይ ቆሜ ሲያስነሷት አየሁ። ረጅም ጊዜ ነው የምትዞረው፤ ነጭ ጭስ፣ ዕረፍት፣ እንደገና። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ የነሐሴ ጠዋት ብርዱ ያንሰፈስፋል። በዚህ ብርድ ናፍጣ ሞተር በካንዴሌታ (ሞተሩን ከውስጥ በሚያሞቀው ዕቃ) ካልሞቀ በቀላሉ አይነሳም።

አራቱንም ካንዴሌታዎች የሚያገናኘውን ብረት ፈትቼ እያንዳንዱን ለካሁ። ደህናው ከ1 ኦም በታች ያሳያል። ሁለቱ ጭራሽ የተቆረጡ ናቸው። ስለዚህ በየጠዋቱ ሞተሪኖው ለረጅም ጊዜ ይዞር ነበር፣ የስዊቹም ኮንታክት ያንን ሁሉ ጊዜ ይግል ነበር። አራቱንም ቀየርኩ፣ እያንዳንዱ 850 ብር። ሲገዛ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ከድሮው ጋር ማመሳሰል ግድ ነው፤ በተሳሳተ ቮልት የተገዛ ካንዴሌታ ወይ አይሞቅም ወይ ይቃጠላል። ሲፈታ ደግሞ ሞተሩ ለብ ብሎ ቢሆን ጥሩ ነው፣ በብርድ ሲጎተት አንገቱ ይሰበራል።

አሁን የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠብቀው ሲያስነሷት ወዲያው ትይዛለች።

ነሐሴ፣ ሁለተኛው ሳምንት፦ ሪሌይ

ከስዊቹ ኤስቲ የሚነሳውን ሽቦ ተከትዬ ሄድኩ። በቀጥታ ሞተሪኖው ላይ ነው ያረፈው፣ መሃል ላይ ሪሌይ የለም። ስለዚህ የሞተሪኖው ሶሌኖይድ የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ሁሉ በቁልፉ ያልፋል። ሪሌይ ከገባ ቁልፉ የሚሸከመው ከ0.2 አምፔር በታች ነው፤ ትእዛዝ ብቻ ያስተላልፋል።

ባለ 12 ቮልት፣ 40 አምፔር ሪሌይ ከነሶኬቱ 700 ብር። ያገናኘሁት እንዲህ ነው፤ ቁጥሮቹ የሪሌዩ ጫፎች ላይ የተጻፉት ናቸው። 30 ቁጥር ከባትሪ ፖዘቲቭ፣ በ30 አምፔር ፊውዝ በኩል። ፊውዙ ባትሪው ሥር መሆን አለበት፤ ርቆ ከተቀመጠ ከባትሪ እስከ ፊውዝ ያለው ሽቦ ጥበቃ የለውም። 87 ቁጥር ወደ ሞተሪኖው የትእዛዝ ጫፍ። 86 ቁጥር ቀድሞ ወደ ሞተሪኖ ይሄድ የነበረው የስዊቹ ሽቦ። 85 ቁጥር ኔጌቲቭ፣ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ። የ30 እና የ87 ሽቦ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ነው። ሪሌዩን ከኮፈኑ ሥር፣ ውኃ ከማይንጠባጠብበት ጎን፣ ጫፎቹን ወደ ታች አድርጌ አሰርኩት። የእንጅባራ ዝናብ ወደ ላይ የተከፈተ ሶኬት ውስጥ ከገባ በአንድ ክረምት አረንጓዴ ዝገት ነው።

ልኬት፦ ባትሪ 10.6፣ ሞተሪኖ 10.3። ስጀምር 7.3 ነበር።

ብዙ ቦታ ለዚህ ችግር የሚሰጠው መፍትሔ ፑሽ በተን ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ቀዳዳ ይበሳል፣ በተን ይገጠማል። አልስማማበትም። በተኗም ያንኑ ጭነት ተሸክማ ትቃጠላለች። የኦኑ ኮንታክት ተበላሽቶ ይቀራል፤ በረሃ ላይ ሞተር የሚያጠፋው ደግሞ እሱ ነው። መኪና ውስጥ የተተወ ሕፃንም በተን ይጫናል።

ነሐሴ፣ ሦስተኛው ሳምንት

ድንች ጭና ፍኖተ ሰላም ደርሳ ተመለሰች፣ ኮረኮንቹንም አልፋ። መብራት አልጠፋም። ስትደርስ የስዊቹን ጀርባ በእጄ ዳሰስኩት፣ አልሞቀም። ከዚያ በኋላ ነው ለአጎቴ በረሃ መውረድ ይችላሉ ያልኳቸው።

ወጪው፦ ስዊች 2,800፣ ካንዴሌታ 3,400፣ ሪሌይ 700፣ ፊውዝና ወፍራም ሽቦ 600፣ የሶኬቱ ጥገና 450፣ የአውቶቡስ ማጓጓዣ 300። 8,250 ብር። መልቲሜትሩ የእኔ ስለሆነ አልቆጠርኩትም።

የቀረው የጭጋግ መብራቱና ቴፑ ነው። ለመብራቱ የራሱ ሪሌይና 15 አምፔር ፊውዝ ገዝቻለሁ። ቴፑም በራሱ ፊውዝ ከባትሪ ይመጣል፣ ከቁልፉ የሚወስደው ትእዛዙን ብቻ። የመብራቱን ቅዳሜ ከገበያ መልስ እሠራዋለሁ፤ ጭጋጉ ገና እስከ መስከረም አለና እሱ ይቀድማል።